የትኛው ማረው?

ከሌሊቱ ስምንት ስልኬ ተንጫረረ፤
በላኪሽ ሜዳ ላይ ውሃው ሳይፈስ ቀረ።
ሐብሐቡ ተጠማ፣ ቫልቩ አልተከፈተም፤
ስክሪፕቱን ብጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ «የለም።
‹ቀን› የሚሉት ጠራሁ፣ ‹ቀን› የሚሉት መጣ፤
መባቻ መቼ ነው ስለው ዝም፣ ቃል አጣ።»

ትናንት ይሠራ ነበር። ዛሬ ማን ነካብኝ?
ላፕቶፔን ጭኔ ላይ ዘርግቼ አየሁኝ።

ስክሪፕት ሲፈልግ እንዲህ ነው ልማዱ፦
ዝርዝር አለው በእጁ፣ የየቤቱ መንገዱ፤
ከላይ ወደ ታች ነው፣ ደጅ ለደጅ ይሄዳል፤
ስሙ ከገጠመለት «ይኸው እሱ» ይላል።
መልኩን አይመረምር፣ አባቱን አይጠይቅ፤
ከዚያ ወዲያ ላለው በር ክንዱ አይዘልቅ።
የዝርዝሩ አናት የገዛ ደጁ ነው፤
የቆመበት ፎልደር፣ እግሩ የረገጠው።
«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ» ይባል የለ፤
ለዚህ ግን በእጅ ያለው መዳብ ወርቅ መሰለ።

ኢታማር ነው። ደረስኩበት። ሐይፋ ሳይሄድ በፊት
ለሙከራ ጽፎ፣ «ቀን» ብሎ የጣላት
አሥራ አንድ መስመር ፋይል። ትናንት ሰርቨሩ ሲቀየር
ከአሮጌ ኮተት ጋር ተጭና መጥታ ኖር፣
ደጃፍ ላይ ተጎልታ፣ ሲጣራ «አቤት» አለች፤
ትልቁን «ቀን» ከኋላዋ፣ ጓዳ ውስጥ ሸፈነች።

ሳቄ መጣ፤ ቀዘቀዘ። ይህን ነገር አውቀዋለሁ፤
እዚሁ ቂርያት ጋት፣ ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ።

አባቴ ማረው ፈንቴ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነበርን፤
አንደኛ ፎቅ ማረው ዘለቀ፣ ከሰላምታ አላለፍን።
ፖስተኛው ሻልቫ፣ ጆርጂያዊው፣ ጉልበቱን የሚያመው፣
ደረጃ አይወድም፤ «ማረው» ካለ፣ የመጀመሪያው ሳጥን በቃው።

ከአምቦበር የመጣች ደብዳቤ፣
«እህትህ ጥሩዬ ታማለች፣ ድምፅህን አሰማት» የምትል፣
አምስት ወር ተኛች
በማረው ዘለቀ መሳቢያ፣ ከመብራት ሂሳብ ሥር።
ማንበብ አያውቅም። የራሱ መሰለችው።
ልጁ ከጦር ሰፈር ፈቃድ ወጥቶ
ቦቲውን ሳያወልቅ አነበበለት፦
«አባዬ፣ ጥሩዬ የምትባል እህት አለችህ?»
«የለችኝም» አለ።
«የለችኝም» እያለ ነው ደረጃውን የወጣው፣
ደብዳቤዋን በሁለት እጁ ይዞ።
ለካ እስከዚያ ጥሩዬ
ተዝካሯም ወጥቷል።

አባቴ ሻልቫን አልከሰሰም።
«ምን ያድርግ? ማረው አሉት፣ ማረው አገኘ» አለ።
የጫማ ካርቶን ቀደደ፤ ማርከሩን ለእኔ ሰጠኝ፤
እሱ ይጠራል፣ እኔ በዕብራይስጥ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፦
ማረው ፈንቴ ገላው ይርዳው ብሩ ተገኘ ዋሴ፤
ልጅ ሊድሩ ሲሉ እንደሚቆጠረው፣ ሰባት ቤት ሙሉ።
ካርቶኑ አልበቃ ብሎ
ዋሴ ወደ ጎን ታጠፈ።
ጎረቤት ሳቀ። ሻልቫ ግን ከዚያ ወዲህ
እያማረረም ቢሆን አልተሳሳተም።

አሁን ዝርዝሩን ገልብጬ ትልቁን ባስቀድም ይሠራል፤
ነገ ሌላ ስም ከሌላ ስም ይጋጫል።
ልሰርዛትም እጄ ሄደ፤ ተወኳት፤
አሥራ አንድ መስመር ቢሆን የሰው ድካም አላት።
ከደጃፍ አንስቼ ቤት ሠራሁላት፤ አባትና አያት ሰጠኋት፦
ኢታማር ነጥብ ሙከራ ነጥብ ቀን።
የሚፈልጋት ከእንግዲህ ቆጥሮ ይጥራት።

ለንጋት ጥቂት ሲቀር እንደገና ጠራሁ፤
ደጃፉ ላይ አየ፣ ማንም የለም፤ ጠበቅሁ።
ሁለተኛው በር የለም፤ ሦስተኛው «አቤት» አለ፤
መባቻውን ቆጠረ፤ ውሃው በቱቦው ተንከባለለ።

ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ በዚያ ሕንፃ በኩል አለፍኩ።
ሳጥኑ አለ። ካርቶኑን ፀሐይ አንጥታዋለች፤
ማረውም ፈንቴም አይነበቡ።
ዋሴ ብቻ፣ ወደ ጎን የታጠፈው፣
ጥላ ውስጥ ስለዋለ ነው መሰል፣
ጥቁር እንደሆነ አለ።